ብቸኛው አሽከርካሪና የራያ ጎርፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




አንድ ሰው ብቻውን መኪና እየነዳ ከወልድያ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ በስተግራው የላስታና የግዳን ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው፣ በስተቀኙ የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ተዘርግቶ ያገኘዋል። የባሕር ጠረፍ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን መንገድ ከዚያ ጋር ቢያመሳስለው አይፈረድበትም። ገደሉ አለ፤ ሰፊውና ለጥ ያለው ወለል አለ፤ መንገዱም በሁለቱ መካከል እንደ ጥለት ተዘርግቷል። የጎደለ የሚመስለው ውሃው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ውሃውም አለ፤ የሚመጣው ግን ከተራራው ነው፤ ሲመጣም አስቀድሞ አይናገርም።

ስለዚህ በራያ ቆላ ሁለት መንገደኞች አሉ ማለት ይቻላል። አንደኛው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚነዳው ሰው ነው። ሁለተኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጎርፍ ነው። የሚነዳውም ሰው ሆነ መንገዱን የሚሠራው ባለሙያ ለሁለተኛው መንገደኛ ማለፊያ ካልተወለት፣ ጎርፉ ማለፊያውን በገዛ ኃይሉ ያበጃል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምድሩ አቀማመጥ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ይህ የተራራ ጠርዝ ከኤርትራ የቀይ ባሕር ጠረፍ ጀርባ ተነሥቶ፣ በትግራይና በወሎ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ወደ ደቡብ ይዘልቃል። የወሎ ደጋ በአብዛኛው የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። በኋላም የአፋር ምድር እየተሳሳበ ሲሰምጥ ጠርዙ ከፍ ብሎ ቀረ። በጠርዙ ግርጌ፣ በሁለት ተራሮች መካከል ጎድጎድ ብለው የቀሩ ሜዳዎች ይገኛሉ፤ የቆቦና የአላማጣ ሜዳ ከእነዚህ አንዱ ነው። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከበላይዋ ያለው ደጋ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ከፍታ የሚነሡት አለውሃ፣ ጎሊና፣ ሆርማትና ሌሎችም ወንዞች በአጭር ርቀት ቁልቁል ወርደው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ተራራው ላይ ጉልበት ያገኘው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ የተሸከመውን ድንጋይና አሸዋ ቀድሞ ያራግፋል፤ ደለሉን አርቆ ያነጥፋል። የራያ መሬት ለምነት የዚህ የዘመናት ሥራ ውጤት ነው።

ወደ መንገዱ ታሪክ ስንመለስ፣ በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ያፈገፈገው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከአውሮፕላን ቦምብ እየወረደበት ማለፉ ይታወሳል። ጣልያን በወረራው ዘመን ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። ዛሬ አሽከርካሪው በአስፋልት ላይ ጎብዬን፣ ሮቢትን፣ ቆቦን፣ ዋጃን አልፎ አላማጣ ይገባል። መንገዱ ቀጥ ያለና ሜዳማ በመሆኑ እግርን ነዳጅ ላይ ያበረታል፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

በቆቦ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትታይ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው በደጋው ነውና። ጠዋት አሸዋና ድንጋይ ብቻ የነበረበት ወለል፣ ከሰዓት በኋላ ዛፍ እየነቀለ የሚወርድ ቀይ ውሃ ሊሆን ይችላል። በበልግም በክረምትም ይህ ይደርሳል። ድልድይ ባለበት ቦታ ጉዳዩ የሚቀል ቢሆንም፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚሄድ ሰው በወንዝ ወለል ላይ መሻገሩ አይቀርም። 30 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊገፋ ይችላል፤ 60 ሴንቲሜትር ሲሆን አብዛኞቹን መኪናዎች ይወስዳል። መኪናው ከባድ ነው የሚለው መተማመኛ ውሃው ከሥር ገብቶ ሲያነሣው ዋጋ ያጣል። አበው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

የጭነት መኪና ነጂ በዚህ ጊዜ ረዳት አለው። ረዳቱ ወርዶ በእንጨት ጥልቀቱን ይለካል፤ ወለሉ መቦርቦር አለመቦርቦሩን ያያል፤ ከኋላ ሆኖ በእጁ ይመራል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ ዓይኑም ፍርዱም አንድ ነው። ስለዚህ የእርሱ ረዳት የአገሬው ሰው መሆን ይኖርበታል። በዳር የቆመው እረኛ፣ ከማሳው የሚመለሰው ገበሬ፣ ግመሎቹን ከወንዙ ማዶ አግዶ የቆመው የአፋር ነጋዴ ውሃው መቼ እንደሚጎድል ያውቃሉ። ግመል ነጂው ካልተሻገረ መኪናውም መሻገር የለበትም። ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ያ ሰዓት ግን ሕይወት የሚተርፍበት ነው።

ከአላማጣ በኋላ አሽከርካሪው ራሱ የጎርፉን መንገድ ሽቅብ ይወጣል። የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ኮረም ያደርሳል። መውጣቱ ሞተር ይፈትናል፤ መውረዱ ግን የሰውን ትዕግሥት ይፈትናል። ፍሬን ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግልም መያዙን ይተዋል። ልማደኛ ነጂዎች በወጡበት ማርሽ ይወርዳሉ የሚባለው ለዚህ ነው። ውሃም ሰውም በዚህ ተራራ ላይ የሚጠፉት ፍጥነታቸውን መግታት ሲያቅታቸው ነው።

አሁን ከነጂው ወደ ባለሙያው እንለፍ። ለነጂው ጠላት የሆነው ጎርፍ ለራያ ገበሬ ሲሳይ ነው። የቆቦ ዝናብ ብዙ ጊዜ ለማሽላው ስለማይበቃ፣ ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እርከን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራል። አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ዓመቱን ሊያሻግር ይችላል። ውሃው በጥልቁ ደለል ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃ ይሆናል፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ አስቆፍሮ መስኖ ያካሄደውም በዚሁ ክምችት ነው። መንገድ ሲሠራ ተበትኖ የሚወርደውን ጎርፍ ሰብስቦ በጥቂት ቱቦዎች ቢያሳልፍ፣ አንዱ ገበሬ ማሳው በቦረቦር ይቆረጣል፤ ሌላው ጎርፉ ሳይደርሰው ይቀራል። እንግዲህ የቱቦ ብዛትና ስፋት የሚወሰነው መኪናን ብቻ በማሰብ ከሆነ፣ መንገዱ ከሁለቱ መንገደኞች ለአንዱ ብቻ ተሠርቷል ማለት ነው።

ይህ ጎዳና የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ጊዜ፣ የተራቡ ገበሬዎች በዚሁ የሰሜን አውራ ጎዳና ዳር ቆመው መኪና እያስቆሙ እህል ይለምኑ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ነገሩን በይፋ ከመቀበላቸው በፊት መንገደኛ አይቶታል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሡት ፊልም ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ ወደ ኮረም የሚያደርሰውም ይኸው መንገድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ ቆቦን ደርሷት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ አካባቢው ብዙ መከራ አሳልፏል። ከተራራው የሚገፋው፣ ከሜዳው የሚፈናቀለው ሁሉ መጠጊያ የሚያደርገው የመንገዱን ዳር ነው። ብቻውን የሚያልፍ ሰው መስተዋቱን ዘግቶ ቢያልፍ፣ መንገዱ የነገረውን ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ስለ ጸጥታው ይጠይቅ፤ የደጋውን ሰማይ ይመልከት፤ ከጨለመ በኋላ ወንዝ አይሻገር። በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ባለሙያም ንድፉን ከማጽደቁ በፊት አንድ ክረምት ከገበሬው ጋር ማሳው ዳር ይቁም፤ ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከእርሱ ይማር። ያ ገበሬ የመሐንዲስ ማዕረግ ባይኖረውም የውሃውን ልክ ያውቃል።