የተበደረ ደም ሥር በእግር ውስጥ የሚኖረው ዕድሜ



የተደፈነን ቧንቧ ሳይነኩ በጎኑ ሌላ መስመር መዘርጋት ለመሐንዲስ የዘወትር ሥራ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዣን ኩንሊን ይህንኑ በሰው እግር ላይ የፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ነበር። መተላለፊያ ያደረገው ከበሽተኛው ከራሱ እግር የተወሰደ ደም መልስ ነው። በደም መልስ ውስጥ ደምን ወደ ልብ ብቻ የሚያሳልፉ ቫልቮች ስላሉ ገልብጦ ሰፋው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሳይገለበጥ ቢሰፋ ግን ደሙ ባልወረደም ነበር።

መስመሩ ስንት ዓመት ያገለግላል? ከጉልበት በላይ ከተሰፉት ከ10ሩ 7ቱ ያህል ከ5 ዓመት በኋላም ክፍት ናቸው፤ ሰው ሠራሹ ቱቦ ከዚህ ያንሳል። በመጀመሪያው ወር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በስፌቱ ወይም በደም ሥሩ ጉድለት ነው። ከዚያ እስከ 2ኛው ዓመት ድረስ ግን ዝቅተኛ ግፊት የለመደው ግድግዳ የደም ቅዳን ግፊት ሲሸከም ወደ ውስጥ እየወፈረ መንገዱን ያጠባል። ጥበቱ አስቀድሞ ከታወቀ ይጠገናል፤ ፈጽሞ ከተደፈነ በኋላ ማዳኑ እጅግ አዳጋች ነው። ትንባሆ ያልተወ ሰው ደግሞ መደፈኑን ራሱ ያፋጥነዋል።

እዚህ ላይ የስሜኗን ጊች ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እስከ ተዛወሩ ድረስ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር በሽተኛ ቁልቁለቱን የሚወርደው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር። ደባርቅ ከደረሰም በኋላ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እንዲህ ላለው ሰው በየጥቂት ወሩ ተመለስ ማለት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ትእዛዝ ነው። የቁርጭምጭሚቱን ትርታ በጣት ዳስሶ የሚመዘግብ፣ ሲደክምም ሳይውል ሳያድር ወደ ጎንደር የሚልክ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በደባርቅ ቢመደብ ግን ጥበቱ ሳይደፈን ሊደረስበት ይችላል።