የጠፋ ዕቃና የማይጠፋ ዕውቀት፤ በሐርጌሳ ምሳሌነት ስለ ማይክሮኮንትሮለር እጥረት የተደረገ ንግግር




የዚህ ንግግር ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከመምህራን ይልቅ የነጋዴዎችን ጉባኤ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ ከገበያ የጠፋ አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንዴት እንደሚገኝ የሚናገር ነውና። ዳሩ ግን ዕቃው ሲጠፋ ነጋዴው ሌላ ሸቀጥ ሊሸጥ ይችላል፤ መምህሩ ግን ተማሪዎቹን በጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ባዶ እጁን ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ የትምህርት ቤትም ጉዳይ ነው። ምሳሌው የተወሰደው ከጎረቤት ከተማ ከሐርጌሳ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ከጣት ርዝመት የማይበልጥ ቺፕ ሲሆን፣ በውስጡ የሚያሰላ ክፍልና ትእዛዝ የሚጻፍበት ማኅደር አለው፤ ከውጭ ደግሞ የሚሰማባቸውና የሚያዝባቸው እግሮች አሉት። በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ የሚባለው ሰሌዳ ይህን ቺፕ ለተማሪውና በትርፍ ጊዜው ለሚሠራው ሰው በቀላሉ አቀረበለት። አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ ልብ የሆነው ቺፕ ኤቲሜጋ 328ፒ ይባላል። 28 እግሮች አሉት፤ 32 ኪሎ ባይት ትእዛዝ ይይዛል፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በደኅናው ጊዜ ዋጋው ጥቂት ዶላር ብቻ ነበር።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎች ገበያው ይቀዘቅዛል ብለው ያዘዙትን ቺፕ ሰረዙ። ነገር ግን ሕዝቡ በየቤቱ ተቀምጦ ሥራውንና ትምህርቱን በኮምፒዩተር ማካሄድ ስለ ጀመረ፣ የቺፕ ፋብሪካዎች ወረፋ ወዲያው በሌላ ትእዛዝ ተያዘ፤ መኪና ሠሪዎቹም ተመልሰው ሲመጡ ቦታው ሞልቶ አገኙት። በዚህ ላይ በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ የወረደው ከባድ ብርድ በኦስቲን የነበሩትን የሳምሰንግን፣ የኤንኤክስፒንና የኢንፊኒዮንን ፋብሪካዎች ሥራ አስቆመ። ማርች 19 ቀን ደግሞ በጃፓን ናካ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ ተቃጠለ። የቺፕ ሥራ ብዙ ውሃ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በታይዋን ድርቅ ሆነ። ከዚህም ሌላ ማይክሮኮንትሮለር በአብዛኛው የሚሠራው በቆየ ዐይነት የፋብሪካ መሣሪያ ነው፤ ባለገንዘብ ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው የበለጠ ትርፍ በሚያስገኘው በአዲሱ ዐይነት ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ርካሹና ተራው ቺፕ በብርቱ ጠፋ።

ፋብሪካ ያለውን ሲያከፋፍል መቶ ሺህ የሚያዝዘውን ያስቀድማል፤ አምስት የሚፈልገው መምህር ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል። የተረፈው በደላሎች እጅ ይገባል፤ ደላላውም በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። ለትምህርት ተብሎ የተፈጠረው ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር እንኳ በኦክቶበር 2021 ከ35 ዶላር ወደ 45 ዶላር ከፍ የተደረገበት ዐይነት ነበረው። እጥረቱ መላላት የጀመረው ቆይቶ ነው፤ በ2023 ገበያው እየተስተካከለ ሄደ። ዳሩ ግን ለአንድ ተማሪ ሁለት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ እኩሌታ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ረጅም ወረፋ ጫፍ የቆመች ከተማ ብትፈለግ ሐርጌሳን መጥቀስ ይቻላል። ሐርጌሳ በ1988 በሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላንና መድፍ ተደብድባ በአብዛኛው ፈረሰች፤ ከነዋሪዎቿም እጅግ ብዙው ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሐርተሼክና በአካባቢው መጠለያዎች ኖረ። ከ1991 በኋላ የተመለሰው ሕዝብ ከተማውን ከፍርስራሽ አነሣው። ይሁን እንጂ ሶማሊላንድ የተባበሩት መንግሥታት አባል ስላልሆነች፣ በዓለም የፖስታ ኅብረት ውስጥ የራሷ ወንበር የላትም። ስለዚህ ጥቂት ቺፖችን በፖስታ አዝዞ መቀበል በሌላው አገር የሚሆነውን ያህል ቀላል አይደለም። ዕቃው በዱባይ ነጋዴዎች እጅ አልፎ በመርከብ በርበራ ይደርሳል፤ ከዚያም 160 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ደጋው ይወጣል፤ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን ይገባል።

በእጥረቱም ዘመን ይህ መንገድ ከሁለት በኩል ተፈተነ። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ዘግታ የዓለምን የመርከብ ጉዞ አዛባች። በጁን ወር የበርበራ አዲስ የኮንቴይነር ወደብ ተመረቀ፤ ነገር ግን ወደብ ቢሰፋ በፋብሪካ ያልተሠራውን ዕቃ ሊያመጣ አይችልም። ከዚያም ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ምሽት፣ በረመዳን ዋዜማ፣ ዋሄን የሚባለው የሐርጌሳ ታላቅ ገበያ በእሳት ጋየ። ባለሥልጣኖች ጥፋቱን ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት። ብዙ ነጋዴ ሸቀጡንም መነሻ ገንዘቡንም በአንድ ሌሊት አጣ። ቤተ ሰቡን የሚያኖርበትን ሸቀጥ ለመተካት የሚጨነቅ ነጋዴ ለትምህርት ቤት ክበብ አሥር ቺፕ አላስመጣም ተብሎ ሊወቀስ አይችልም።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ምን ሊያደርግ ይችላል? ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሐርጌሳ ውሃዋን በቧንቧ የምታገኘው በአብዛኛው ከጌድ ዴብሌ ጕድጓዶች ነው፤ ቧንቧው ለሁሉ ስለማይዳረስ ብዙ ቤት በቦቴ መኪና የመጣ ውሃ ገዝቶ በገንዳ ያጠራቅማል። መምህሩም የገንዳውን ውሃ መጠን የሚናገር መሣሪያ ተማሪዎቹ እንዲሠሩ አሰበ፤ ቺፑ ግን ከገበያ የለም እንበል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቺፑ ያስፈልጋልን? የሚል መሆን አለበት። መሣሪያው ገንዳው ሲሞላ ብቻ እንዲጮኽ ከሆነ የተፈለገው፣ ከውሃው ጋር የሚነሣ አንድ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ አንድ ባትሪና አንድ ደወል ይበቃሉ። የውሃውን ከፍታ በየሰዓቱ ለክቶ እንዲመዘግብ ከተፈለገ ግን ማይክሮኮንትሮለር የግድ ይሆናል። ይህን ለይቶ ማወቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ገንዘብም ያድናል።

ሁለተኛው የራስን ቁም ሣጥን መመርመር ነው። ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለ የአርዱዊኖ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ቮልቱን የሚያስተካክለው ክፍል ወይም ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ሌላው ቺፕ ነው፤ ዋናው ቺፕ ደኅና ሊሆን ይችላል። ባለ 28 እግሩ ዐይነት በመሰኪያ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በጥንቃቄ ተነቅሎ በሌላ ሰሌዳ ላይ ሊፈተን ይቻላል። ደግሞም አንድ ደኅና ሰሌዳ ለብዙ ቺፖች ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። ትእዛዙ የተጻፈበት ቺፕ ከሰሌዳው ወጥቶ፣ 16 ሜጋ ኸርዝ የሚመታ አንድ ክሪስታል፣ 22 ፒኮ ፋራድ የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮችና 5 ቮልት ቢሰጡት ለብቻው ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰሌዳ ያለው ክበብ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል ማለት ስሕተት ነው። እንደዚሁም የእግሮቹ አቀማመጥ ያው የሆነው ኤቲሜጋ 168 የሚይዘው 16 ኪሎ ባይት ቢሆንም፣ ውሃ ለሚለካ የተማሪ ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛው ምትክ መፈለግ ነው። በጃኑዋሪ 2021፣ እጥረቱ በበረታበት ጊዜ፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባል ሰሌዳ በ4 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ በላዩ ያለው አርፒ 2040 የተባለው ቺፕም በኋላ ለብቻው በ1 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ሌሎች ቺፖች በጠፉበት ወራት ይህ ይገኝ ነበር። ዳሩ ግን የአዲሱ ቺፕ እግሮች የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው የታወቀው መሣሪያ ደግሞ መልሱን በ5 ቮልት ይልካል። ይህን ያላወቀ ሰው ገመዱን በቀጥታ ቢያገናኝ፣ በስንት ድካም ያገኘውን ቺፕ ሊያበላሽ ይችላል። ያወቀው ግን የ1 ኪሎ ኦምና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አገናኝቶ ቮልቱን ከ2ቱ ኪሎ ኦም ላይ ይወስዳል፤ 5 በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 3.3 ይሆናልና። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለፈተና ብቻ ይማሩት የነበረው የኦም ሕግ በዚህ ጊዜ የክበቡን ንብረት ያድናል።

አራተኛው መተባበር ነው። አምስት ቺፕ የሚፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ሰሚ አያገኝም፤ አሥር ትምህርት ቤቶች በአንድነት ሃምሳ ቢያዝዙ ግን ነጋዴው ከዱባይ ለሚመጣው ዕቃው ውስጥ ቦታ ይፈልግላቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በሐርጌሳ ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ በ2009 ዛድ የሚባለውን የስልክ ገንዘብ ስለ ጀመረ፣ ከየትምህርት ቤቱ ጥቂት በጥቂት መዋጮ መሰብሰብ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው አንድ የትምህርት ወራት አስቀድሞ መስማማትና የገንዘቡን ሒሳብ በግልጽ መያዝ ነው።

አምስተኛው ከአታላይ መጠንቀቅ ነው። እጥረት በሆነ ጊዜ አሮጌ ወይም ሌላ ዐይነት ቺፕ ፊቱ ተፍቆ አዲስ ስም እየተጻፈበት ይሸጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመክፈል በፊት ሁለት ብቻ ገዝቶ መሞከር ይገባል። እግሮቹ የቀድሞ ብየዳ ምልክት እንዳለባቸው ይመረመራል፤ ጽሕፈቱ በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ሲታሽ እንዳይለቅ ይታያል። ከሁሉም ይልቅ በቺፑ ውስጥ ፋብሪካው ያኖረው መለያ ቍጥር ይነበባል፤ የኤቲሜጋ 328ፒ መለያ 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ ነው። ሌላ ቍጥር ከተነበበ ስሙ ምንም ቢል ቺፑ ሌላ ነው። ይህን ምርመራ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢያደርጉት፣ የተጻፈውን ሁሉ ሳይመረምሩ አለመቀበልን ይማራሉ።

ክቡራን ሆይ፤ ከእነዚህ ከአምስቱ መንገዶች ውስጥ ያለ ዕውቀት የሚሄድ አንድም የለም። ተማሪውን «ይህን ቀይ ገመድ በዚህ ቀዳዳ ስካ» እያለ ብቻ ያስተማረ መምህር፣ ቀዳዳው ያለበት ሰሌዳ ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋበታል። እግሩ ለምን እንደሚሠራ፣ ስንት ቮልት እንደሚችል፣ ይህም ከፋብሪካው መግለጫ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረ ግን ሌላ ቺፕ ሲመጣለት ሥራውን ይቀጥላል። እርግጥ ነው፣ ምትክ መፈለግ ጊዜ ይበላል፤ ፕሮግራሙም እንደገና ይታረማል፤ ክፍለ ጊዜው የተጣበበበት መምህር ቢያማርር እውነት አለው። ስለዚህ ሸክሙ በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ዕጩ መምህሩን ቢያንስ በሁለት ልዩ ልዩ ቺፖች አንድ ዐይነት ሥራ እንዲሠራ ቢያደርጉት፣ በአንዱ ስም ብቻ ታስሮ አይወጣም። የትምህርት ሹማምንትም በግዥ ወረቀት ላይ የአንድ ዕቃ ስም ብቻ ሲጽፉ፣ ያ ዕቃ ከጠፋ ገንዘቡ ሳይሠራበት ዓመቱ ያልፋል። በስሙ ፈንታ የሚፈለገው ሥራ፣ የቮልቱ መጠንና የእግሮቹ ብዛት ቢጻፍ ነጋዴው ያለውን ለማቅረብ ይችላል። ለኢትዮጵያም ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የባሕር በር የሌላትና ለእያንዳንዱ ቺፕ የውጭ ምንዛሪ የምትከፍል አገር ናትና። የ2021 እጥረት አልፏል፤ ነገር ግን ብርድ፣ እሳትና ድርቅ ከዓለም አልጠፉም፤ ወረፋውም ዛሬ እንደ ትናንቱ ብዙ የሚያዝዘውን ያስቀድማል።

ሐርጌሳ የፈረሰችውን ከተማ ያነሣችው የጐደለው ሁሉ ተሟልቶ እስኪመጣ ተቀምጣ አልነበረም። የተረፈውን ለቅማ፣ የሚያገለግለውን ከማያገለግለው ለይታ ነው። በትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ሰሌዳም በዚሁ ዐይን ቢታይ፣ የሚቀጥለው እጥረት በመጣ ጊዜ መምህሩ ባዶ እጁን አይቆምም።