መንገዱን ስንጠግን ኾሩን እንዳንጎዳ

(ለክረምት ዝግጅት በተጠራ ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን አስጠልላለች፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ለተሰደዱት ዳግመኛ ተከፍታለች። የገዳሪፍ መሬት እንደምታውቁት ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ከመንገድ ሥር የተቀበረ የውሃ ቱቦ ሲያረጅ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ጎርፉም አፈሩን ከውስጥ ይቦረቡራል። ቱቦው ከወደቀ መንገዱ ይቆረጣል፤ እህል የጫነ መኪና ይቆማል፤ ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት ሳትደርስ ትቀራለች።

ጥገናው ከሰኔ በፊት ይለቅ። ሆኖም ውሃውን እያሰብን እንሥራ። አዲሱ ቱቦ ሰፊ ይሁን፤ ወለሉም ከኾሩ ወለል ዝቅ ብሎ ይቀበር። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ከአፉ እየወደቀ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የወባ ትንኝ የሚራባበት ኩሬ ይቀራል፤ ዓሣም ወደ ላይ ማለፍ ያቅተዋል። ከአገራችን የሚነሣው ራሃድ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል፤ ዓሣው እንደ ልቡ የሚሄደው በክረምት ብቻ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የተከለለው የዲንደር ፓርክ አውሬም በዚህ ወንዝና በዲንደር ውሃ ይኖራል።

ከእኛ የሚጠበቀው ይህ ነው፦
– የተጠረገውን ደለልና ቆሻሻ ከኾሩ አርቀን እንጣል።
– የሲሚንቶ እጣቢና የተቃጠለ ዘይት ወደ ውሃው አንድፋ።
– የዳርቻውን ግራር ለማገዶ አንቁረጥ፤ አፈሩን የያዘው ሥሩ ነው።
– በቱቦው መውጫ ድንጋይ እንደርድር።
– ልጆች ቱቦ ውስጥ እንዳይገቡ እንጠብቅ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አካፋ ያለው አካፋውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ።