የአእምሮ ሕመም፦ ነውር ነው ወይስ በሽታ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየሰፈራችን ያለ፣ ነገር ግን በሹክሹክታ ካልሆነ የማይወራ ነው፤ የአእምሮ ሕመም። አንድ ወንድማችን ስኳር ቢይዘው ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል። አእምሮው ሲታወክ ግን በር ይዘጋበታል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይደበቃል፤ አንዳንዴም በሰንሰለት ይታሰራል። የእህቱ ትዳር እንዳይበላሽ ተብሎ ስሙ እንኳ አይነሳም። ለመሆኑ ይህ ከዲናችን የመጣ ነውን?

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት አንዲት ሴት ጉዳይ አለኝ ብላ ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። እርሳቸውም የእገሌ እናት ብለው በአክብሮት ጠርተው፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚያነጋግሯት ራሷ እንድትመርጥ ነገሯት። ጉዳይዋን እስክትጨርስም አብረዋት ቆሙ። ልብ እንበል! የኡማው መሪ ለዚህች ሴት ጊዜም ክብርም ሰጥተዋታል።

ሸሪዓችንም አእምሮውን የሳተ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር ተነስቶለታል ይላል፤ ማለትም ኃጢአት አይጻፍበትም። ገንዘቡን በአግባቡ መያዝ ለማይችል ሰውም ሱረቱ ኒሳእ በ5ኛው አንቀጽ መብሉንና ልብሱን እንድንችል፣ መልካም ቃልም እንድንናገረው ያዘናል።

ቀደምቶቻችን ይህን ትምህርት በተግባር አውለውታል። ቢማሪስታን የሚባሉ ሆስፒታሎችን ገንብተዋል፤ ቃሉ የፋርስ ሲሆን የሕመምተኞች ቦታ ማለት ነው። ኑረዲን ዘንጊ በ1154 እ.ኤ.አ. በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላውን በ1284 በካይሮ ያሠሯቸው በጣም የታወቁ ናቸው። ወጪያቸው በወቅፍ ይሸፈን ነበር። የአእምሮ ሕመምተኞችም በውስጣቸው የተለየ ክፍል ነበራቸው። በ1488 በኤዲርኔ በሱልጣን ባየዚድ ዳግማዊ ስም በተሠራው ሆስፒታል ደግሞ የውኃ ድምፅና የአበባ መዓዛ ሳይቀር ለሕመምተኛው ማረጋጊያ ይውሉ ነበር።

የአንደሉሱ ተጓዥ ኢብኑ ጁበይር በ1180ዎቹ በካይሮ ያየውን ሲጽፍ፣ ለእነዚህ ሕመምተኞች መስኮታቸው ብረት የሆነ ክፍሎች እንደነበሩ፣ ሁኔታቸውን በየቀኑ የሚከታተሉና የሚስማማቸውን የሚያቀርቡ ሰዎችም እንደተመደቡ ይነግረናል። በደማስቆ ግን በሰንሰለት የታሰሩ ማየቱንም አልደበቀም። እኛም ያለፈውን ሁሉ እንከን የለሽ አድርገን ልንስል አንፈልግም። ሆኖም በዚያ ዘመን የታሰረውም ሰው ሆስፒታል ውስጥ ነበር፤ ሕክምናም ነበረው። ዛሬ በጓዳ የታሰረው ወገናችን ግን ሰንሰለቱን እንጂ ሕክምናውን አላገኘም።

በ934 ያረፉት የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሰው አካልም ነፍስም ስለሆነ ሁለቱም ይታመማሉ፣ አንዱም በሌላው ይጎዳል ይላሉ። ምክንያቱ ከሚታወቅ ሐዘን ሌላ፣ ምክንያቱ የማይታወቅና ከሰውነት የሚመነጭ ሐዘን እንዳለም ለይተው አስረድተዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ ለክፉ ቀን የሚሆነው በጎ ሐሳብም በጤናው ጊዜ ያዘጋጅ ዘንድ መክረዋል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ከ1,000 ዓመት በፊት ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ጂን የለም እያልን አይደለም፤ መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል። ነገር ግን ሕመም ሁሉ ጂን አይደለም። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክሉም፤ ታከሙ ብለው ያዘዙን ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ጂን አስወጣለሁ ብሎ ሕመምተኛን መግረፍና ማስራብ፣ በዚህም ገንዘብ መሰብሰብ ግን በደል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከተጀመረ ጥናት ትምህርት እናገኛለን። ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ የዘመናዊ ሕክምና ደጅ ረግጠው አያውቁም ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር የርቀቱ ነገር ይገባናል። ስሙን መቀለጃ ማድረጋችን ግን ምን ይሉታል? ዛሬ አገልግሎቱ በብዙ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል።

አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ። ረመዷን ሲገባ መድኃኒታቸውን በራሳቸው የሚያቋርጡ አሉ። አላህ ለሕመምተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል። የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ማታ መዞር ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ አይቻልም ካላችሁ የአላህን ፈቃድ ተቀበሉ። ቤተሰብም «ጾም ፈታ» ብሎ አያሸማቅቅ።

ቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው ሁሉ ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ጎረቤትም ይጠይቀው፤ ሕመምተኛን መጠየቅ የሙስሊም ሐቅ ነውና፣ ሐቁም የአካል ሕመምተኛ ብቻ አይደለም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብር ይስጥልን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።