አራሽ፣ ነዋሪ፣ አምላኪ



በላቲን ቋንቋ «ኩልቶር» የሚባል ቃል አለ። ገበሬም፣ ነዋሪም፣ አምላኪም ማለት ነው። እኛስ? «ግብርና» የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ገብረ» የመጣ ነው፤ ሠራ ማለት ነው። አገልጋይም «ገብር» ይባላል።

ዘፍጥረት 2፥15ን ተመልከት። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲሠራባትና እንዲንከባከባት ነው።

ወገኔ፣ ምናልባት ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤት ሠርተህ ገብተሃል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ሳሎንህ ያረፈበት መሬት ግን ትናንት የአንድ ገበሬ ማሳ ወይም የከብቶቹ ግጦሽ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ዛሬ የት ነው? ምናልባት በርህ ላይ ጥበቃ ሆኖ ቆሟል። ስሙን ታውቀዋለህ?

በኤርምያስ 29 ምርኮኞቹ ከታዘዙት ነገሮች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለከተማዪቱ ሰላም እንዲጸልዩ። እኛ ግን ኖርን፤ እሑድ እሑድም ዘመርን። ጎረቤታችንንስ?

እሑድ ያነሣኸው እጅ ሰኞ ለዚያ ሰው ይዘርጋ። በስሙ ጥራው፤ ቡና አጠጣው፤ ልጁ ሥራ ከፈለገ አብረኸው ፈልግ። እንዲህም ብለህ ጸልይ፦ «ጌታ ሆይ፣ ባኖርከኝ ቦታ ገብርህ አድርገኝ።» አሜን።