ሳተላይቱ ይናገራል እንጂ አይሰማም
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረቡት ንግግር)



ሰብሳቢያችን «በዚህ ወር ስለ ጂፒኤስ አስረጂን» ስትለኝ መጀመሪያ አቅማምቼ ነበር። እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ቅየሳ ነበር፤ መሬት ስለካ ነው የኖርኩት። የመሥሪያ ቤት ወሬ ለቡና ላይ ጨዋታ አይሆንም ብዬ ነው ያቅማማሁት። በኋላ ግን ካቻምና ክረምት ያሳለፍናት አንዲት ሌሊት ትዝ አለችኝና እሺ አልኩ።

ብዙዎቻችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የአንዲት አባላችን ልጅ ምጥ የያዛት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል። አምቡላንስ ተጠራ። ሾፌሩ «የት ናችሁ?» አለ። «ሰሚት ኮንዶሚኒየም።» «በየት በኩል?» «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ።» ሰውየው ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ወፍጮ ቤቱ በሌሊት ዝግ ነው። ብሎኮቹ በጨለማ ሁሉም አንድ ናቸው። 40 ደቂቃ ዞረ። በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ልጅ ባትሪ ይዞ አስፋልት ድረስ ወርዶ እየመራ አመጣው። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ልጁ ያውና ከኋላ ወንበር ላይ ዳቦውን እየበላ ነው።

ያን ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ሦስት ስማርት ስልክ ነበር። አንዱ የእኔ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በጂፒኤስ የሰው ይዞታ ስለካ ኖሬ፣ ጎረቤቴ ስትጨነቅ ስልኬን ያዋልኩት ለመብራት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በዚያ ጭንቀት መሐል አንዲት እናታችን «በስልክ እያናገርነው እንዴት አያየንም? ሰማዩ ሁሉ ሳተላይት ነው ይሉ የለም እንዴ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋልና ልመልስላቸው።

እማማ፣ ሳተላይቱ አያየንም። የጂፒኤስ ሳተላይት ይናገራል እንጂ አይሰማም። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ቁጠሩት። ጣቢያው ዜናውን ያነባል፤ በየቤቱ ማን እንደሚያዳምጠው ግን አያውቅም። ስልካችንም የሚያደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። ከሰማው ተነሥቶ ያለንበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ያሰላውን ለሌላ ሰው ካልላክንለት ግን የእኛ ስልክ ብቻ ያውቀዋል። በአንዳንድ አገሮች ለአደጋ ሲደወል ስልኩ ቦታውን አብሮ እንዲልክ ተደርጓል፤ እዚያም ቢሆን የሚልከው ስልኩ ነው፣ ሳተላይቱ አይደለም።

ስልኩ ቦታውን እንዴት ያሰላል? በክረምት ሁላችንም የምናውቀውን መብረቅ አስቡ። ብልጭታውን እናያለን፣ ነጎድጓዱ ቆይቶ ይሰማል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብልጭታው በኋላ ስድስት ሴኮንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ የወደቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ሜትር ሳንዘረጋ፣ በሰዓት ብቻ ርቀት ለካን ማለት ነው።

ጂፒኤስም እንዲሁ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ ሥራው እንዲሟላ ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ይህን የላክሁት በዚህ ሰዓት ነው» እያለ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። መልእክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት፣ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ስልኩ የተላከበትንና የደረሰበትን ሰዓት አስተያይቶ ርቀቱን ያወጣል።

አንድ ርቀት ብቻውን ግን ቦታ አይነግርም። «ከመገናኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቄ ነኝ» ብላችሁ ብትደውሉልኝ፣ ወደ ገርጂ በኩል ትሁኑ፣ ወደ ሃያ ሁለት ወይስ ወደ ላምበረት፣ አላውቅም። መገናኛን መሐል አድርጌ ክብ መሣል ብቻ ነው የምችለው። «ከቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ ይህን ያህል» ብትሉኝ ሁለተኛ ክብ እሥላለሁ፤ ሁለቱ ክቦች በሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ። ሦስተኛውን ስትነግሩኝ አንዱ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ስልኩ ግን አራተኛ ሳተላይትም ይፈልጋል። ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክል የሆነ አቶሚክ ሰዓት አላቸው፤ የእኛ ስልክ ሰዓት ርካሽ ነው። ሰዓቱ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት እንኳ ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። አራተኛው ሳተላይት ይህን የሰዓት ስሕተት ለማረም ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ጂፒኤስን የሠራው የአሜሪካ ጦር ነው፤ የመጀመሪያው ሳተላይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መሥመሩን ስቶ በሶቪየት ኅብረት ተመትቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ግን ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር። ዛሬ የሩሲያ ግሎናስ፣ የአውሮፓ ጋሊሊዮና የቻይና ቤይዱ ተጨምረዋል፤ ስልካችን የብዙዎቹን ያዳምጣል። ለማዳመጡም ማንም አያስከፍልም።

በዚህ ታሪክ የሴቶች እጅ እንዳለበትም ልጆቻችን ይወቁ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት የሒሳብ ባለሙያ ግላዲስ ዌስት የምድርን ትክክለኛ ቅርጽ በስሌት በማውጣት ለጂፒኤስ መሠረት ከጣሉት አንዷ ናት። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ፣ ከቦሌ እስከ አያት በ8294 የምንጠራውን ራይድ የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ናት። ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ይቸግራት እንደነበር በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግራለች። የእሷ ችግር የብዙዎቻችን ችግር ነበር።

ከተማችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሰው የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። አድራሻችን ምልክት ነው፦ ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከቀይ በሩ ቀጥሎ። ይህ ለሰፈር ሰው ይበቃል። ነገር ግን ፋርማሲው ይለቃል፣ በሩ ይቀባል፣ መንገድ ሲሰፋ ሕንፃው ይፈርሳል፤ ምልክቱ ሲፈርስ አድራሻችንም አብሮ ይፈርሳል። በጂፒኤስ የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ግን አይፈርሱም። የመጀመሪያው ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያለንበትን ይናገራል። መገናኛ 9.02 እና 38.80 አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ አየር ማረፊያው ስትወርዱ የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 8.98 ይቀንሳል፤ የምትሄዱት ወደ ደቡብ ስለሆነ ሁለተኛው ብዙም አይነቃነቅም። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ብትናገሩ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ሰፈራችሁን ነው፤ አራት አኃዝ ብትናገሩ ወደ አሥር ሜትር ይጠጋል፣ ደጃችሁ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ስልካችሁ ላይ «ሎኬሽን» የሚለውን አብሩ። በቴሌግራም የማያያዣውን ምልክት ነክታችሁ «ሎኬሽን» ስትሉ ያላችሁበት ይሄዳል። ኔትወርክ ከጠፋ አትደናገጡ፤ ሳተላይቱን ለማዳመጥ ኢንተርኔትም ሲም ካርድም አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማምጣትና ለመላክ ነው። ስለዚህ የሰፈራችሁን ካርታ ጎግል ማፕ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ። በካርታው ላይ ያላችሁበትን ነጥብ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ሁለቱ ቁጥሮች ይወጣሉ፤ በአጭር መልእክት መላክ ወይም በስልክ ማንበብ ይቻላል።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ስልክ ሰማይ ማየት አለበት። ሜዳ ላይ አምስት ሜትር ያህል ቢሳሳት ነው፤ ደረጃ ሥር፣ ምድር ቤት ወይም በረጃጅም ፎቆች መሐል ግን ብዙ ይስታል። በረንዳ ላይ ውጡ፤ በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ያለው ክብ እስኪጠብብ ጠብቁ፣ ከዚያ ላኩ። ተቻኩሎ የተላከ ሎኬሽን ሰውን ሌላ ግቢ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ የምትልኩት ነጥብ አራተኛ ፎቅ ይሁን ምድር አይናገርም። የብሎክና የቤት ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ባትሪ የያዘ ልጅም በር ላይ ይቁም። ያ ጎረቤታችን ያን ሌሊት የሠራውን ሥራ የሚተካ መሣሪያ የለም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ለእኛ ለሴቶች ይከብዳል። ሳተላይቱ አያየንም ብያለሁ፤ ስልካችንን የያዘ ሰው ግን ሊያየን ይችላል። ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ ወደ ማኅበራችን የመጣች እህት፣ ስልኳ ላይ «ላይቭ ሎኬሽን» ተከፍቶ ቀርቶ ከሆነ የሸሸችው ሰው በደረሰችበት ይከተላታል። የይለፍ ቃላችሁን የሚያውቅ ማን እንደሆነ፣ ሎኬሽናችሁ ለማን እንደሚሄድ አሁኑኑ ተመልከቱ። የማታውቁትን ዝጉ። ሎኬሽን የሚላከው ለሚታመን ሰው፣ ለሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ለአደጋ ብቻም አይደለም። እንጀራና ዳቦ ለየካፌው የምታደርሱ እህቶች፣ የደንበኞቻችሁን ሎኬሽን በስም በስም አስቀምጡ። አዲስ ሞተረኛ በመጣ ቁጥር «በየት ልታጠፍ?» እያለ ጧቱን አይጨርስባችሁም። ገጠር መሬት ያላችሁም፣ የይዞታችሁ ማዕዘናት በቁጥር ተለክተው ከተመዘገቡ ጎረቤት ድንበር ቢገፋ የሚከራከርላችሁ ማስረጃ ይኖራችኋል። ይህን በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ድንጋዩ ሲነቀልባት ቁጥሩ ግን ሳይነቀል ቆይቷት መሬቷን ያስመለሰችበት ቀን አለ።

አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በማኅበራችን መዝገብ ላይ ስማችን፣ ስልካችንና የዕድር ቁጥራችን አለ። የፈቀደች አባል ሁሉ የቤቷ ሁለት ቁጥሮች፣ ከብሎኳና ከፎቋ ጋር ይጨመርላት። መዝገቡ ይቆለፍ፤ ሦስት የተመረጡ እህቶች ብቻ ይያዙት። ያልፈቀደች አትጠየቅ። ስማርት ስልክ የሌላቸውን እናቶች ቁጥር እኔ ከቤት ቤት እየሄድኩ እወስዳለሁ፤ ሥራዬ ነበርና አይከብደኝም። በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈን በራቸው ውስጥ እንለጥፍላቸዋለን፤ ሌሊት የሚደውልላቸው ሰው አንብቦ ይናገር። ደጋፊዎቻችንም ካርዶቹን በማሳተም ብታግዙን ትልቅ ነገር ነው።

ይህ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፣ ሰማይ አያሳይም። እንግዲህ አቦል እስኪወርድ ድረስ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውጡ፤ እያንዳንዳችሁ ያላችሁበትን ለጎናችሁ ላለችው እህት ላኩላት። ያልሆነላት ካለች እኔ እዚያው ነኝ። እማማ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ይውጡ።