የጓዳችን ጭስ



በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ስለ ንጹሕ ውኃ ስናስተምር፣ የጓዳውን ጭስ ዘንግተነው ነበር። እናት ሕፃኗን አዝላ እንጀራ ስትጋግር፣ የእንጨቱ፣ የኩበቱና የማሽላ አገዳው ጭስ ሁለቱንም ያፍናል። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ድረስ ዘልቆ ሕፃኑን ለሳንባ ምች፣ እናቲቱንም ለማያቋርጥ ሳል ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ የአየር ብክለት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ማገዶው ይድረቅ፤ ጭስ መውጫ ይበጅ፤ ሕፃኑ ከምድጃው ይራቅ። የከሰል ፍም በተዘጋ ቤት አይደር፤ ሽታ የሌለው መርዙ በእንቅልፍ ላይ ሳለን ይገድላልና። የሚያስል ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።